የሬቲና ሒሳብና የኦቦ ኤቢሳ ዓይን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈሬ ሰው ምን ስሠራ እንደኖርኩ የጠየቀኝን ያህል ሥራ ላይ ሳለሁ ጠይቆኝ አያውቅም። ነቀምት፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ የምታውቀኝ ሴት ሁሉ "አዴ ዘይነባ የዓይን ምሁር ናት" የሚል ወሬ ሰምታለች። ስለዚህ ዓይኑ የቀላ ልጅ፣ ሞራ የጀመራቸው አባት፣ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ የዞረባቸው አማት እየተያዙ ይመጡብኛል። ወላሂ በሕይወቴ የሰው ዓይን ነክቼ አላውቅም፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ እላለሁ። ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ምን ስትሠሪ ነበር ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ እስቲ ልመልስ።

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ። የሠራሁት ከዓይን በወጡ ቁጥሮች ላይ ነው። ከዓይናችን በስተኋላ፣ ሬቲና የሚባል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ሽፋን አለ፤ ብርሃን እዚያ ላይ ያርፋል። የሽፋኑ የመጨረሻ ረድፍ ላይ ያሉት የነርቭ ሕዋሶች ጭራቸውን አንድ ላይ እንደ ገመድ ጎንጉነው ወደ አንጎል ይልካሉ። የሚልኩት ግን ሥዕል አይደለም። እያንዳንዱ ሕዋስ የሚችለው ትንሽ የኤሌክትሪክ ምት መምታት፣ ወይም ዝም ማለት ብቻ ነው። አንጎል የራስ ቅል ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ያንን ምት ይሰማል። የእናቱን ፊትም፣ የሚመጣበትን መኪናም፣ የጤፉን ቀለምም የሚያወጣው ከምት ነው። የእኛ ሥራ እነዚያ ሕዋሶች በቡድን ሆነው ያዩትን ነገር በምን ዓይነት ኮድ እንደሚያስተላልፉት በሒሳብ ማስቀመጥ፣ ማለትም ሞዴል መሥራት ነበር። ያውም ነቀምት ተቀምጦ። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፤ ያኔም የሳቀ ሞልቷል።

አባቴ ከወሎ ተነስቶ ኪራሙ ሲሰፍር እኔ ገና ጡት አልጣልኩም ነበር። ቤት ውስጥ የወሎ አማርኛ፣ ደጅ ኦሮምኛ እየሰማሁ አደግሁ፤ ዛሬም ስቆጣ በአንዱ ጀምሬ በሌላው ነው የምጨርሰው። የመጀመሪያ ምድቤ ጊዳ አያና፣ አያና ከተማ ነበር። የሁለተኛ ደረጃው ዳይሬክተር የስፖርት መምህር ስለጠፋባቸው ሒሳቡ ላይ ስፖርት ጨመሩልኝ። በረጅም ቀሚስ ልጆች ሳስሮጥ ገበያተኛው መንገዱን ትቶ ቆሞ ያየኝ ነበር። ከዚያ ወደ ጊምቢ ተዛወርኩ። የጊምቢው አለቃዬ ስብሰባ ወዳድ ነበሩ፤ ስለ ስብሰባ መብዛት የሚመክር ስብሰባ ሲጠሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለ ደመወዙ ባናወራ ይሻላል። በክረምት ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪዬን ጨረስኩና ነቀምት፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ኦቦ ኤቢሳን ያገኘኋቸው እዚያ ነው።

ኦቦ ኤቢሳ የነቀምት ልጅ ናቸው። ፊዚክስ ተምረው፣ ውጭ አገር ዶክትሬታቸውን ይዘው፣ እዚያው ይቅሩ ሲባሉ እምቢ ብለው የተመለሱ ሰው ናቸው። ተማሪው "ዶክተር" ይላቸዋል፤ እኔ ግን በከተማው ወግ "ኦቦ" ነው የምላቸው፤ አቶ እንደማለት ነው፣ ወይዘሮዋን "አዴ" እንደምንለው። ሲመለሱ የተማሩበት ቤተ ሙከራ አንድ ዲስክ ሙሉ መረጃ ሰጥቷቸው ነበር። እዚያ የእንስሳ ሬቲና በጥቃቅን ኤሌክትሮዶች ላይ ዘርግተው፣ ፊልም እያሳዩት፣ የየሕዋሱን ምት ቀድተውታል። መሣሪያው እዚያ ነው፤ ሒሳቡ ግን በጠመኔም ይሠራል ይሉ ነበር። አንዱ የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ሥራችንን ሲያስረዱት ሰምቶ ሰምቶ "በቃ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው በሉኛ" ብሎ ዘጋው። አዎ፣ ግን ድሩ እንዴት ነው የሚያብረው? የምንሠራው እሱን ነው አልኩት። ያን ዓመት የወረቀትና የቀለም ጥያቄያችንን ጆሮ ዳባ ልበስ አለን።

የኦቦ ኤቢሳን ጠባይ ላውራ። ሲያስተምሩ አይቀመጡም። ኮታቸው ኪስ ውስጥ የገብስ ቆሎ አይጠፋም፤ ጥያቄ ሲከብዳቸው ይዘግናሉ፣ መልሱ ሲመጣ ማኘክ ያቆማሉ። ተማሪ ሥራውን ሲያቀርብ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙት፤ አዲስ ተማሪ የተኙ መስሎት ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ጮክ በል ይሉታል። ሌላው ሰሌዳ ነው። ከመጀመራቸው በፊት ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ይወለውሉታል። ያልጸዳ ሰሌዳ ላይ አይታሰብም ባይ ናቸው።

ከሁሉ በላይ ግን "እስቲ አጥፊው" የምትል ቃል ነበረቻቸው። ይህ ሕዋስ እንዲህ ይሠራል ብለሽ ከተናገርሽ፣ መጀመሪያ ከሞዴሉ አጥፊውና የጎደለውን አሳዪኝ ማለታቸው ነው። ሳይጠፋ ሲታይ ሁሉም ሠራተኛ ይመስላል ይሉ ነበር። አርብ አርብ የማጥፋት ቀናችን ሆነ። ከሞዴሉ ሕዋስ እያጠፋን፣ በቀሩት ምት ብቻ ሥዕሉ ይነበባል ወይስ አይነበብም ብለን እናያለን። ኮምፒዩተር ላልገባው ተማሪ ደግሞ ሜዳ ላይ በሰው ያሳዩት ነበር። ተማሪዎቹን በረድፍ አቁመው ለየአንዳንዱ የተጠቀለለ ወረቀት ይሰጡታል። ተማሪው በወረቀቱ ቀዳዳ ትንሽ ቦታ ብቻ ያያል፤ ያቺ ቦታ ስትጨልም አንዴ ያጨበጭባል። ፊት ለፊታቸው ትልቅ ጨርቅ ላይ የተሣለ ነገር ይዘው ያልፋሉ። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ጭብጨባውን ከየት ከየት እንደመጣ እየሰማ ያለፈው ምን እንደሆነ ይገምታል። በሬ ነው፣ ባጃጅ ነው፣ ሰው ነው እያለ። የግቢው ጥበቃዎች ሳይቀሩ ለመገመት ይሰለፉ ነበር።

አሁን ወደ ወደቅሁበት ልምጣ። የመጀመሪያው ሞዴላችን የእኔ ልጅ ነበር፤ ሁለት ዓመት ለፍቼበታለሁ። ፊልሙን በጣም አጫጭር ቁራጭ ጊዜ ከፋፍዬ፣ በየቁራጩ ሕዋሱ ከመታ አንድ፣ ዝም ካለ ዜሮ አደርጋለሁ። የቡድኑ አንድና ዜሮ ተደርድሮ አንድ ቃል ይሆናል፤ ቡድኑ በዚያች ቅጽበት የተናገረው ቃል ማለት ነው። የትኛው ቃል ስንት ጊዜ እንደሚነገር ማወቅ ነው ቁም ነገሩ። እኔ እያንዳንዱን ሕዋስ ለብቻው አጠናሁና የየብቻቸውን ዕድል አባዛሁት። አንድ በአንድ ስፈትሽ ሁሉም ልክ ነው፤ የሚወጣለት እንከን የለም። ኦቦ ኤቢሳ ሌላ ፊልም ላይም ፈትሺው እያሉኝ፣ ቸኩዬ ይዤው አዲስ አበባ ጉባኤ ሄድኩ።

አቅርቤ ስጨርስ አንድ ሽማግሌ የስታቲስቲክስ ሰው እጃቸውን አወጡ። በሞዴልሽ መሠረት አሥር ሕዋሶች በአንድ ቅጽበት አብረው የሚመቱት በስንት ጊዜ አንዴ ነው? አሉኝ። ሰሌዳ ላይ አሰላሁት። እኔው ራሴ ያወጣሁትን ቁጥር ሳይ ጠመኔውን አስቀመጥኩት። በእኔ ሒሳብ እንዲያ ያለ ቃል ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ አንዴ እንኳ ላይነገር ይችላል። ከሬቲናው በተቀዳው ቅጂ ውስጥ ግን ሻይ ፈልቶ እስኪወርድ ባለው ጊዜ እንኳ ደጋግሞ ይነገራል። ሽማግሌው አላፌዙብኝም፤ "ጎረቤት መኖሩን ረስተሻል" ብለው ተቀመጡ። ቢያፌዙብኝ ይሻለኝ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምት አውቶቡስ ውስጥ ሻሼን ፊቴ ላይ ጥዬ ስለቅም መጣሁ።

ኦቦ ኤቢሳ ሲሰሙ ሳቁ፤ በእኔ ላይ ግን አልነበረም። ቆሏቸውን ዘግነው ሰጡኝና፣ ኪራሙ አባትሽ ደቦ ሲጠራ አይተሽ አታውቂም? አሉኝ። እንዴት አላይ! አጨዳ ላይ አንዱ ሲፋጠን ጎረቤቱ አብሮ ይፋጠናል። አንዱ ወገቡን ሊያቃና ሲቆም ረድፉ በሙሉ ቀና ይላል። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው በቀን ይህን ያህል ያጭዳል ብለህ ብትደምር የደቦውን ቀን አታገኘውም። ማን ከማን አጠገብ እንደቆመ ማወቅ አለብህ። ሕዋሶቹም እንደዚያው ናቸው፤ አብረው ዝም ይሉና አብረው ይነሳሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ግን ለቀቅሁ። ሁለት ዓመቴን ጣልኩና ከሰኞ ጀምሮ እንደገና፣ አሁን ጥንድ ጥንዱን እያሰርኩ ተነሳሁ።

ሥራው አድካሚ ነው። ለየጥንዱ ትስስራቸው ምን ያህል እንደሚጠብቅ ቁጥር መስጠት አለብህ፤ አንዱን ጥንድ ስታስተካክል ሌላው ይዛነፋል። ድንኳን የተከለች ሴት ታውቀዋለች፤ አንዱን ገመድ ስትስብ ሌላው ይላላል። መብራት ይሄዳል፣ ላፕቶፑ ግማሽ ላይ ይጠፋል፣ እንደገና ነው። በኋላ አገር ሲታመስ ኢንተርኔቱም ስልኩም ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። የወንድሜ ቤተሰብ ኪራሙን ጥሎ እኔ ቤት ገባ፤ ሳሎኔ ፍራሽ በፍራሽ ሆነ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አልጽፍም፤ ያለፍንበት እናውቀዋለን። መረጃው ዲስክ ላይ ስለነበረ ብቻ ሥራው አልቆመም። ጠዋት ወጥቼ ከቁጥሮቹ ጋር ስቀመጥ ጤነኛ ሰው የምሆነው ያኔ ነበር።

አዲሱ ሞዴል ቆመ። ሕዋሶቹ አብረው የሚናገሩትን ቃል አሁን ከቅጂው ጋር ተቀራርቦ ተናገረ። ከዚያ አርብ መጣና ማጥፋት ጀመርን። ያኔ ነው ያስደነቀንን ነገር ያየነው። አንድ ሕዋስ ስናጠፋ ጎረቤቶቹ የሱን ነገር ይናገሩለታል፤ ሥዕሉ ይነበባል። ሁለት፣ ሦስት ስናጠፋም ይነበባል። ከዚያ በላይ ሲሆን ሥዕሉ ይሳሳል፣ ግን አንባቢው፣ ምቱን ወደ ሥዕል የሚመልሰው የሞዴሉ ክፍል፣ ጎደለብኝ አይልም። ቀዳዳ አያሳይም፤ በዙሪያው ካለው ነገር ሞልቶ ይቀጥላል። ኦቦ ኤቢሳ ማኘካቸውን አቆሙ። ቤቱ ከጓሮ ሲፈርስ የማያውቅ ባለቤት አገኘን አሉና እጃቸውን አፋተጉ።

በዚያው ሰሞን ነው የሰሌዳው ነገር የጀመረው። ያ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የሚወለወለው ሰሌዳ፣ የላይኛው ግራ ማዕዘኑ ሳይጠፋ መቅረት ጀመረ። ያለፈው መምህር የጻፈው ቀመር እዚያው ይቆያል። ዶክተር ሆን ብለው ነው የተዉት ብለው ተማሪዎቹ እየገለበጡ ያጠኑት ጀመር። አንድ ቀን የፈተና ወረቀት ሳርም ግማሹ ክፍል ከሬቲና ጋር ምንም የማይገናኝ የኬሚስትሪ ቀመር በጥሩ እጅ ጽፎ አገኘሁ። በሳቅ ፈረስኩ። ቤቴ ስደርስ ግን ሳቄ ሄዶ ሌላ ነገር መጣብኝ፤ ሰውዬው ያንን ማዕዘን አያዩትም።

ከዚያ ወዲህ ሁሉን ነገር ማየት ጀመርኩ። አስፋልት ሲሻገሩ በግራ የመጣ ባጃጅ ለጥቂት ሳታቸው፤ ባለባጃጁን ባለጌ ብለው ተቆጡ። ሰላም ሊላቸው በግራ በኩል እጁን የዘረጋ ሰው እጁን ዘርግቶ ይቀራል፤ ኮሩ ተባለ። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ፣ ኤቢሳ ሻይ ሲቀዱ ከብርጭቆው ውጭ እያፈሰሱ ነው ብለው ነገሩኝ። የኦቦ ኤቢሳ አባት በስተርጅና ሁለቱም ዓይናቸው ጠፍቶ እንደሞቱ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። እርጅና ነው ተብሎ ታልፎ ነበር። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ግላኮማ የሚባለው በሽታ የትኞቹን ሕዋሶች እንደሚገድል አውቃለሁ። የእኛኑ ነው፤ ስንት ዘመን ስንቆጥራቸው የኖርነውን የመጨረሻ ረድፍ። የሞተው አይመለስም። የቀረውን ግን ቶሎ ከተደረሰበት ማቆየት ይቻላል። የሰውዬው ዓይን ከጓሮ እየፈረሰ ነበር፣ በየወሩም ይብስ ነበር።

ነገርኳቸው። እምቢ አሉ። የመነጽር ሐኪም ዘንድ ሄጄ የመጨረሻዋን ደቃቃ ፊደል አንብቤ ነው የመጣሁት፣ ዓይን ለእኔ ታስተምሪያለሽ ወይ አሉኝ። ፊደል የሚነበበው በመሐል ነው፣ መሐሉ የሚጠፋው መጨረሻ ላይ ነው ብል አልሰሙኝም። ጨለማ ነገር አይታየኝም፣ ጥላ የለም፣ የጎደለ የለም ይላሉ። በራሳቸው ሞዴል የተገኘውን ነገር፣ አንባቢው ቀዳዳውን እንደማያውቀው፣ ለሰው ሁሉ ያስረዳሉ፤ ለራሳቸው ሲሆን አይሠራም። አዴ ጫልቱ ጸለዩ፣ ለመኑ፣ አኮረፉ። እኔ መለመን አልሆነልኝም፤ ተቆጣሁ። ተቆጥቼም ዝም አልኩና በራሳቸው መንገድ ልሂድባቸው አልኩ።

አንድ አርብ ሁሉም ባለበት፣ "ዛሬ የማጠፋው እርስዎን ነው" አልኳቸው። እሳቸው ሳቁ። ውል ገባን፤ የማዘጋጅላቸውን የዓይን ፈተና ካለፉ ስለ ዓይናቸው ደግሜ አላነሳም፣ ካላለፉ ሰኞ ሐኪም ቤት። "ቶሌ" አሉ፣ እሺ ማለታቸው ነው። እኔን ዝም ለማሰኘት ቸኩለው ነበር።

ከሕንፃው ጀርባ ወንበር አስቀመጥኩላቸው፤ ሳይወዱ ተቀመጡ። አንዱን ዓይናቸውን በጥቁር ጨርቅ አሰርኩ። ፊት ለፊታቸው ተማሪዎቹን በሦስት ረድፍ አደረግሁ፤ ከፊት ቁጢጥ ያሉ፣ ከኋላቸው የቆሙ፣ ከነሱ ኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ የወጡ። መሐል ላይ ያለው ተማሪ ደረቱ ላይ በጠመኔ የተሠራ መስቀለኛ ምልክት ያዘ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ከሱ ላይ አያነሱም። እያንዳንዱ ተማሪ ነጭ ጨርቅ ይዟል። እኔ ከጀርባቸው ትንሽ ሰሌዳ ይዤ ቆምኩ። በጣቴ ያመለከትኩት ሰው ጨርቁን አንስቶ ቀስ ብሎ ይመልሳል። እሳቸው ካዩ ያጨበጭባሉ፤ ካላዩ ዝም ነው። ለጭብጨባው ክብ፣ ለዝምታው ኤክስ አደርጋለሁ።

ከቀኝ ጀመርኩ። ጭብጨባው እንደ ጎረምሳ ጭብጨባ ጠንካራ ነበር፤ ልጆቹ ፈገግ አሉ፣ እኔም ምነው ተሳስቼ በሆነ አልኩ። ወደ ግራ ተሻገርኩ። ታች ያሉት ተጨበጨበላቸው። ወደ ላይ ስወጣ ዝም አሉ። ሌላውን አመለከትኩ፤ ዝም። አግዳሚው ላይ የቆመችው ልጅ ጨርቋን ከፍ አድርጋ አነሳች፤ ዝም። ካጠገቧ ያለው አነሳ፤ ዝም። እጄ ላይ ያለው ጠመኔ ኤክስ ብቻ ይሠራ ጀመር። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንዷ ከንፈሯን ነከሰች። ይህን ጊዜ ኦቦ ኤቢሳ ትዕግሥታቸው አለቀና፣ ዓይናቸውን ከመስቀሉ ሳያነሱ ተናገሩ።

"ዘይነባ፣ ለምንድን ነው የምታርፉት? ቀጥሉ እንጂ።"

ማንም አላረፈም ነበር። በዚያች ሰዓት እንኳ አንድ ጨርቅ በአየር ላይ ነበር። እስከ መጨረሻው ጨረስኩና ጨርቁን ፈታሁ። ሰሌዳውን ፊታቸው አቆምኩት። ብዙ ጊዜ አዩት። እዚህ ጋ ማንም አላነሳም አሉ። ሁሉም አንስተዋል አልኳቸው። ተነስተው አግዳሚው ላይ ወደቆመችው ልጅ ሄዱና፣ አንስተሽ ነበር? ብለው ጠየቋት። አዎ ዶክተር አለች፣ እያለቀሰች። ተመልሰው መጥተው፣ ማንም ሳይጋብዛቸው፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ።

"ጨለማ የለም እኮ" አሉኝ ቀስ ብለው። "ጥቁር ነገር የለም። ምንም የጎደለ አይመስልም።"

"አውቃለሁ" አልኳቸው። "ሞዴላችንም የሚለው እሱን ነው።"

"በይ ይኼኛውን ዓይን እሰሪና ሌላኛውንም ፈትሺው" አሉ። ሌላኛውም ዓይን የራሱ ቀዳዳ ነበረው፣ አነስ ያለ። አንዱ የሌላውን ሲሸፍን ነበር የኖሩት፤ ሳይሸፈን የቀረው ሁለቱ ቀዳዳዎች የሚገጥሙበት ያ ግራው ብቻ ነበር። እሳቸውን እንዲያ ማድረጌ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ግን እንደገና አድርጊ ብባል አሁንም አደርገዋለሁ።

ሰኞ ሄድን። የዓይን ክሊኒኩ የዓይናቸውን ግፊት ለክቶ ወዲያው ጠብታ ጀመረላቸው። በግጭቱ ተዘግቶ የነበረው መንገድ የተከፈተ ሰሞን አዴ ጫልቱና እኔ አዲስ አበባ ወሰድናቸው፤ ቀዶ ጥገና ተደረገ። ሐኪሟ እውነቱን ነገረችን። የሄደው ሄዷል፤ የቀረው ጠብታው በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ፣ ሳይቋረጥ ከተደረገ ይቆያል። ካልሆነ የአባታቸው ዕጣ ነው። ኦቦ ኤቢሳ ሰሙ። ያኔ አልከራከር ማለታቸው ከሁሉ ነገር በላይ አስፈራኝ።

ሲመለሱ ሥራቸውን ያዙ። ሰሌዳውን አሁን አንገታቸውን እያዞሩ ይወለውሉታል። ሞዴሉ ውስጥ ሕዋሶቹ ቀስ በቀስ ሲሞቱ አንባቢው ስንቱ ሲሄድ ነው የሚነቃው የሚለውን ጥያቄ አብረን ሠራን፤ ጽሑፉም ታተመ። ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው። ጥያቄው በቀመር ሲጻፍ ንጹሕ ነው፤ ከአጠገቤ ደግሞ ጠብታቸውን ረስተው የሚከራከሩ ሽማግሌ ቆመዋል። ጠዋት አዴ ጫልቱ ቤት ውስጥ፣ ማታ እኔ በስልክ "ጠብታ!" እንል ነበር። ሰላምታችን ሆነ።

ከዚያ ጡረታ ወጡና ጊምቢ፣ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ብዙም ሳይቆይ መንገዱ እንደገና ተዘጋ። ጠብታው ከመድኃኒት ቤት ጠፋ። ነቀምት ያለውን መድኃኒት ቤት ሁሉ ዞርኩ፤ ያገኘሁትን ጥቂት ብልቃጥ በሄደ ሰው ሁሉ ላክሁ፤ ይድረስ አይድረስ አላወቅሁም። ኔትወርኩ ሲመጣ ስደውል አዴ ጫልቱ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናቸው ይሉኛል። የእሳቸው ደህና ግን የአማኝ ደህና ነው፤ ሰው ቢሞትም ደህና ነው ይላሉ። ዓይናቸውስ? ስል መስመሩ ይቆረጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ጊዜው ረዘመ፤ ሲያዩ የነበሩት ሰውዬ ያያሉ ወይ የሚለውን የሚነግረኝ አጣሁ። የሞተ ሕዋስ እንደማይመለስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔን ያሳመመኝም ማወቄ ነው።

የእኔም ተራ ደረሰና መሥሪያ ቤቱ ስንብት አዘጋጀልኝ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ንግግር ተደረገ፣ እኔን የማትመስል ሴት ተሞገሰች። በመሐል በሩ ተከፈተና ኦቦ ኤቢሳ ገቡ። መንገዱ ተከፍቶ ኖሯል። ከስተዋል፤ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። አዴ ጫልቱ ክንዳቸውን ይዘዋል። ክንድ ተይዞ የሚሄድ ሰው ሳይ፣ በቃ ዓይናቸው ጠፍቷል አልኩ በልቤ። ሰው ሁሉ ተነስቶ ሰላም ሲላቸው ፈገግ እያሉ፣ ቀስ እያሉ ወደ እኔ መጡ።

ልጠራቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ድምፄን ከሰሙ በድምፄ ነው የሚያውቁኝ። አንድ ቃል ሳልተነፍስ፣ ከሌሎቹ ሴቶች መሐል እንደማንኛዋም ሆኜ ቆምኩ። አዴ ጫልቱ ሊያናግሩኝ ሲሉ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ፤ ገባቸውና ዝም አሉ። ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት፤ የተደገፉት እሳቸው አልነበሩም፣ አዴ ጫልቱ ጉልበታቸውን ታመው እሳቸውን ተደግፈው ነው የመጡት። ኦቦ ኤቢሳ አንገታቸውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዞሩ። ሴቶቹን አንድ በአንድ አለፉና ፊት ለፊቴ ቆሙ። ረጅም ጊዜ አዩኝ።

"ኢንተላ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ "ሸብተሻል እኮ።"

ከሻሼ ሥር ያመለጠችውን አንዲት ነጭ ጸጉር በጣታቸው አሳዩኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። የጡረታው ነገር ከብዷት ነው ተባለልኝ፤ እኔም ተዉኝ ብዬ ማልቀሴን ቀጠልኩ።